የሳይንስ ክበብ ዘገባ፦ ዓሣ ዓሣን ሲጋርድ

ክበባችን ዘንድሮ ብዙ ርዕስ ከመነካካት አንዱን ይዞ መክረምን መረጠ፤ ዓሣ በድምፅ እንዴት እንደሚቆጠር። የአንደኛው ወሰነ ትምህርት በመሠረታዊው ነገር አለፈ። ድምፅ በባሕር ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል። የጥናት መርከብ ድምፅ ወደ ታች ትልክና የሚመለሰውን የገደል ማሚቶ ለክታ የዓሣውን ብዛት ትገምታለች። ለመንሳፈፍ የሚረዳ የአየር ከረጢት በሆዳቸው ካላቸው ዓሦች አብዛኛውን ድምፅ የሚመልሰው ሥጋቸው ሳይሆን ይኸው ከረጢት ነው።

ክርክሩ የተነሣው አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ «ላይኛው ዓሣ ድምፁን ከወሰደው ለታችኛው ምን ይደርሰዋል?» ስትል ነው። በጣም ደስ ያለኝ ጥያቄ ነው፤ ተመራማሪዎችም የሚጨነቁበት ነውና። መንጋው ሲታፈግ ላይ ያሉት ዓሦች ድምፁን ከፊሉን ይበትኑታል፣ ከፊሉን ይውጡታል። ከታች ያሉት ጥላ ውስጥ ስለሚቀሩ ግምቱ ከእውነተኛው ብዛት ያንሳል።

ተማሪዎቹ በሰሌዳ ላይ አሰሉት። ድምፁ በመንጋው ውስጥ በየሜትሩ 2 በመቶ ይቀንሳል እንበል። መንጋው 20 ሜትር ውፍረት ካለው፣ ድምፁ ደርሶ ሲመለስ 40 ሜትር አቋርጧል፤ ከግርጌው የሚተርፈው 45 በመቶ ገደማ ነው። መላው መንጋ ሲታሰብ 100 ዓሣ 69 ሆኖ ይቆጠራል። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ሁሉም ስሌቱን እንደገና ጀመረ።

በገንዳም ሞከርነው። ድምፅ የሚያወጣ ስልክና ድምፅ የሚቀዳ ስልክ ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልለን ትይዩ አስቀመጥን፤ በመሃል የዓሣ ገንዳ ፓምፕ አረፋ ይለቃል፤ አረፋው የዓሣውን የአየር ከረጢት ይተካል። ፓምፑ ሲከፈት የተቀዳው ድምፅ ወዲያው ወረደ፣ ሲዘጋ ተመለሰ።

መፍትሔውን ያገኘነው ከኖርዌይ ነው። ሄሪንግ የተባለው ዓሣ በፊዮርዶች (በተራሮች መካከል በገቡ ጠባብ የባሕር ሰርጦች) ውስጥ ታፍጎ ሲከርም፣ ተመራማሪዎች ከመንጋው ሥር ካለው የባሕር ወለል የሚመለሰውን ድምፅ ዓሣ ከሌለበት ተመሳሳይ ወለል ከሚመለሰው ጋር ያነጻጽራሉ። ልዩነቱ ዓሣው የወሰደው ነው፤ ግምቱንም በዚያ ያርሙታል።

በመጨረሻ ያነበብነው ግን ክርክሩን እንደገና ከፈተው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንግሊዛዊው የድምፅ ተመራማሪ ዴቪድ ዌስተን በብሪታንያ ምዕራብ ባለው የባሕር ሰርጥ፣ በብሪስቶል ቻናል ውስጥ አግድም የሚጓዝ ድምፅ ሲለኩ፣ ይበልጥ የሚዳከመው ሌሊት ሆኖ አገኙት። ሰርዲን ቀን በመንጋ ተሰብስቦ ለድምፁ ክፍተት ይተዋል፤ ሌሊት ሲበተን ግን እያንዳንዱ ዓሣ ድርሻውን ይወስዳል። የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች በመጪው ዓመት አረፋውን አንዴ ሰብስበው፣ አንዴ በትነው ሊለኩ አቅደዋል። ሁለተኛ ፓምፕ ያስፈልገናል።