ኪሎን ከሊትር ቀንሳችሁ ያገኛችሁት 20 በመቶ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የናፍጣ ሞተርን ወደ ጋዝ ስለመቀየር ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። ባላነበው እንኳ ማምለጫ አልነበረኝም፤ አንድ ደንበኛዬ ገጹን አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ይዞ መጣና ዘይት በጠገበው ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ «ወንድሜ፣ እዚህ ላይ 20 በመቶ ይቆጥባል ይላል፤ የኔ 20 የታለ?» አለኝ። የቀረችኝን ክፍያ እስከ ዛሬ አልሰጠኝም።

እንግዲህ ይቺን 20 እንያት። በናፍጣ 40 ሊትር ይፈጅ የነበረው የጭነት መኪና ያንኑ መንገድ በጋዝ በ32 ኪሎ ጨረሰ ብላችኋል። 8 ተረፈ፤ 8 ከ40 ውስጥ 20 በመቶ ነው። 8 ምን? ሊትር ነው ወይስ ኪሎ? በዚህ ስሌት ቁመቴን በሴንቲሜትር፣ ክብደቴን በኪሎ ለክታችሁ አንዱን ከሌላው ብትቀንሱ ምን ያህል እንደከሳሁም ትነግሩኝ ነበር።

አንድ ሊትር ናፍጣ ወደ 36 ሜጋጁል ኃይል ይይዛል። አንድ ኪሎ ጥሩ የተፈጥሮ ጋዝ ደግሞ ከ47 እስከ 50። የእናንተው 40 ሊትር 1,440 ሜጋጁል ነው፤ 32ቱ ኪሎ በዝቅተኛው ግምት እንኳ 1,504 ይሆናል። ያሞገሳችሁት ሞተር ለዚያው መንገድ የበለጠ በልቷል ማለት ነው! ጋዙ ረክሶ ባለመኪናው ተጠቅሞ ሊሆን ይችላል፤ ደስ ይበለው። ግን ያ የኪስ ቁጠባ ነው፤ ሞተሩ ምንም አልቆጠበም።

ለምን በላ? ናፍጣ ተጨምቆ በጋለ አየር ውስጥ ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል፤ የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል የሆነው ሚቴን ግን ከ500 ዲግሪ በላይ ካልጋለ በራሱ አይነሳም። ስለዚህ ናፍጣ የሚረጨው ኢንጀክተር ወጥቶ ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ ይገባል፣ ድብልቁ ያለጊዜው ነዶ እንዳያንኳኳ ኮምፕሬሽኑ (ሲሊንደር ውስጥ የገባው የሚጨመቅበት እጥፍ) ከ17 ወይም ከ18 ይወርዳል፣ አየሩንም የሚቆጣጠር ቢራቢሮ ይጨመራል። ያለ ገደብ ይተነፍስ የነበረ ሞተር አፉን ታፍኖ ሩጥ ተባለ። ብክነቱ የሚጀምረው እዚህ ነው። ማንኳኳቱን የፈራ መካኒክ ፒስተኑን አለቅጥ ያስፍቅና ኮምፕሬሽኑን 9 ያደርሰዋል። የሚቴን ኦክቴን (ማንኳኳትን የመቋቋም አቅሙ) ከ120 በላይ ስለሆነ 12 አካባቢ ይችላል፤ ሌላው ጋዝ፣ ፕሮፔን፣ ግን ያን ያህል አይታገስም። እናንተ ሁለቱንም «ጋዝ» ብላችሁ አልፋችኋል።

ናፍጣውን ጨርሶ ሳያስወጡ ጥቂቱን እንደ ክብሪት እየረጩ ጋዙን ማንደድም አለ። ዘገባው «አዲስ ቴክኖሎጂ» ያለው ይህንን ነው። ሩዶልፍ ዲዝል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1901 አሜሪካ ውስጥ ፓተንት አውጥቶበታል፤ ለዜና ትንሽ ዘግይታችኋል።

ደግሞ የዚህ አሠራር ሌባ ሌላ ቦታ ነው የተደበቀው። ጭሱ ወጥቶ ሊያበቃ ሲልና አየሩ መግባት ሲጀምር የጭሱና የአየሩ ቫልቮች (በሮች) ለቅጽበት አብረው ክፍት ይሆናሉ። አየር ገፍቶ የሚያስገባ ተርቦ ባለው ናፍጣ ሞተር ይህ ጥሩ ነገር ነው፤ ንጹሕ አየር ገብቶ የቀረውን ጭስ ጠርጎ ይወጣል። ጋዙን ከሩቅ፣ ከአየር ማጣሪያው በኋላ ብትቀላቅሉት ግን ያ ጠራጊ አየር ጋዝ ይዞ ሳይነድ በጭስ ማውጫው ይሄዳል። ከፍላችሁ የገዛችሁት ነዳጅ ነው የሚሄደው። መፍትሔው ጋዙን በየሲሊንደሩ አፍ ላይ፣ የጭሱ ቫልቭ ከተዘጋ በኋላ መርጨት ነው። ሞተሩ ባዶውን ሲዞር ወይም ሸክሙ ሲቀል ደግሞ ድብልቁ ስለሚሳሳ እሳቱ ዳር ሳይደርስ ይሞታል፤ ያን ጊዜ ጋዙን ዘግቶ በናፍጣ ብቻ ማስኬድ ይሻላል። እኔ ይህን እስካውቅ ስንት ቴስታታ (የሞተር ራስ) አውርጄ መልሻለሁ፤ ስንት ሌሊትስ ሞተር ሥር አድሬያለሁ።

እናንተ ግን የዕቃውን ሻጭ አናገራችሁ፣ ባለመኪናውን ፎቶ አነሳችሁ። መካኒክ በዘገባችሁ ውስጥ የተነሣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሻጩ «ቁጠባው ካልመጣ የገጣሚው ጥፋት ነው» ያሉበት ላይ። ጥፋተኛ ስንሆን አላችሁን፤ ስንጠየቅ ግን የለንም። አንድ መካኒክ ጠይቃችሁ ቢሆን ሻይ ቀርቦ ሳይጨርስ ኪሎና ሊትር እንደማይቀናነሱ በነገራችሁ ነበር።

እርማቱን የውስጥ ገጽ ጥግ ላይ አትወርውሩት። ዘገባው የወጣበት ገጽ ላይ ይውጣልኝ፤ ደንበኛዬ ኪሱ ውስጥ ይዞት የሚዞረው ያንን ገጽ ነውና።

ከአንድ የናፍጣ ሞተር መካኒክ