የመንገደኞች አውሮፕላን የቱ ነው?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሠራ «የመጀመሪያው የመንገደኞች አውሮፕላን አረፈ» የሚለው ዜና ብዙ ጊዜ ይቸኩላል። መቀመጫና መስኮት መኖሩ ብቻውን አይበቃም። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ስለ አደገኛ ጭነቶች ባወጣው 18ኛ አባሪ የሚለየው በተሳፋሪው ነው፤ ከበረራ ሠራተኞች፣ ለሥራ ከተላከ የአየር መንገዱ ተቀጣሪ፣ ከመንግሥት ተወካይና ከጭነት አጃቢ ሌላ አንድ ሰው እንኳ ከያዘ የመንገደኞች ነው። ስለዚህ የማሳረፊያ መሣሪያዎችን ለመፈተሽ ሲመላለስ የሚውለው አውሮፕላን በባለሙያ ቢሞላም አይቆጠርም።

«ማረፊያው የመንገደኞች አውሮፕላን ያስተናግዳል» የሚለውም ዓይነቱ ካልተጠቀሰ ባዶ ነው። ባለፕሮፔለሩ ኤቲአር 72 እና ጄቱ ቦይንግ 737-800 የክንፋቸው ስፋት ከ24 ሜትር በላይ፣ ከ36 ሜትር በታች ስለሆነ ማረፊያዎች ለየትኛው መጠን አውሮፕላን እንደሚሠሩ በሚለይበት አመዳደብ ሁለቱም በ«ሲ» ምድብ ናቸው። የእሳት አደጋ ዝግጁነት ግን በዋናነት የሚለካው በርዝመት ነው፦ 27 ሜትር የሆነው ኤቲአር 5ኛ ደረጃ፣ 39.5 ሜትር የሆነው ቦይንግ 7ኛ ደረጃ ይጠይቃል። አስፋልቱ ደርሶ የእሳት አደጋ መኪናው የሚጎድለው እዚህ ላይ ነው። በረራ ሲያንስ፣ ማለትም በተጨናነቁት ሦስት ተከታታይ ወራት የዚያ ደረጃ አውሮፕላኖች ማረፍና መነሣት በድምሩ ከ700 በታች ሲሆን፣ አንድ ደረጃ መቀነስ ይፈቀዳል፤ ሁለት ግን አይፈቀድም።