የአይሲቲ ክበብ ዘገባ፦ «አፕዴት የለም» የሚለውን ያላመንንበት ዓመት

የትምህርት ቤታችንን ድረ ገጽ የምትከታተሉ ወላጆችና ተማሪዎች በዚህ ዓመት የተለየ ነገር አላያችሁበት ይሆናል። የፈተና ፕሮግራም ወጥቶበታል፣ የምዝገባ ቅጽ ተሞልቶበታል፣ የስፖርት ቀን ፎቶዎች ተለጥፈውበታል። የድራማ ክበብ መድረክ አለው፣ የስፖርት ክበብ ዋንጫ አለው። የእኛ ሥራ ሲሳካ ግን የሚታይ ነገር የለውም፤ ድረ ገጹ ሳይቋረጥ ይውላል፣ በቃ። «እነዚያ ልጆች ረቡዕ ረቡዕ ላብራቶሪ ገብተው ምን ይሠራሉ?» የሚል ጥያቄ በመምህራን ክፍልም በወላጆች ስብሰባም ስለተነሣ፣ ዘንድሮ መልሱን ዘርዘር አድርገን ለመጻፍ ወስነናል።

ድረ ገጹ የተሠራው ዎርድፕረስ በሚባል የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም ሲሆን የሚስተናገደውም በላብራቶሪው ጥግ ባለችው አሮጌ ኮምፒውተር (ሰርቨራችን) ላይ ነው። የምዝገባ ቅጹ፣ የፎቶ ማሳያው፣ የፈተና ሰንጠረዡ እያንዳንዳቸው ፕለጊን የሚባሉ ተጨማሪ ፕሮግራሞች ናቸው። በዓመቱ መጀመሪያ ስንቆጥራቸው 34 ሆኑ። አንድ ፕለጊን ላይ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ ሠሪዎቹ የታረመ ሥሪት፣ ማለትም አፕዴት፣ ያወጣሉ፤ ቀዳዳው የት እንደነበረ ግን ያኔ ለሁሉም ይታወቃል፣ ለሰርጎ ገቦችም ጭምር። ስለዚህ አዲስ ሥሪት መውጣቱን በጊዜ ማወቅ የግድ ነው። ዎርድፕረስ በቀን ሁለት ጊዜ ያሉትን ፕለጊኖችና የሥሪት ቁጥራቸውን ዘርዝሮ የፕለጊኖች ማውጫ ወዳለበት ድረ ገጽ፣ ወደ ዎርድፕረስ ነጥብ ኦርግ፣ ይልካል፣ የመጣውን መልስ ዳታቤዝ ውስጥ ያስቀምጣል። ዳሽቦርዱ (የአስተዳዳሪው ገጽ) ላይ የምትታየው፣ የሚጠብቁ አፕዴቶችን ብዛት የምትነግረው ቀይ ቁጥር ከዚያ የተነበበች ናት።

ብዙ ሰው የማያውቀው ቀጥሎ ያለውን ነው። ዎርድፕረስ ጥያቄውን ከመላኩ በፊት «የጠየቅኩት በዚህ ሰዓት ነው» ብሎ ይመዘግባል። ይህን የሚያደርገው መስመሩ ቢንቀራፈፍ እያንዳንዱ ገጽ ደግሞ ደጋግሞ እየጠየቀ ድረ ገጹን እንዳያንቀው ነው። ጥያቄው ሳይደርስ ቢቀርም ታዲያ ሰዓቱ ተመዝግቧል። ስህተቱ የሚጻፈው በስህተት መዝገቡ ላይ ነው፣ እሱም ዲበግ የሚባለው የስህተት መከታተያ አማራጭ ከተከፈተ። ዳሽቦርዱ ላይ ምንም አይታይም። «አዲስ ሥሪት የለም» እና «መጠየቅ አልቻልኩም» በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ይህን ልዩነት ማወቅ በዚህ ዓመት ልጆቹን ካስተማርናቸው ነገሮች ሁሉ ይበልጣል ብለን እናምናለን።

ሳምንታዊ ስብሰባዎቻችንን አልዘረዝርም። አባላቱ 26 ነበሩ፣ አንድም ረቡዕ አልታጠፈም። የመጀመሪያው ሴሚስተር ያለፈው ቀላል የሚባሉትን ብልሽቶች በመለየት ነው። ለምሳሌ የዎርድፕረስ የጊዜ ሰሌዳ ሠራተኛ፣ ማለትም ክሮን፣ የሚነቃው ሰው ድረ ገጹን ሲከፍት ብቻ ነው። በረጅሙ እረፍት ጎብኚ ሲጠፋ ፍተሻውም አብሮ ተኝቶ ከረመ። መፍትሔው በዎርድፕረስ ኮንፊግ (የቅንብር) ፋይል ላይ የራሱን ክሮን ማጥፋትና የኮምፒውተሩ ክሮን በየ15 ደቂቃው እንዲቀሰቅሰው ማድረግ ነበር። ይህ ሌላም ጥቅም አለው። ከዳሽቦርድ የሚነሣ ጥያቄ መልስ የሚጠብቀው 3 ሰከንድ ሲደመር ለየ10 ፕለጊን 1 ሰከንድ ነው፤ በ34 ፕለጊን 6 ሰከንድ ማለት ነው። ከክሮን የተነሣ ጥያቄ ግን 30 ሰከንድ ይታገሣል። የላብራቶሪው መስመር በሚጨናነቅበት ሰዓት 6 ሰከንድ አይበቃም።

የስህተት ቁጥሮቹን ልጆቹ አሁን እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ያውቋቸዋል። ከርል (ዎርድፕረስ ጥያቄውን የሚልክበት ፕሮግራም) 6 ካለ ሰርቨሩ የአድራሻውን ስም መፍታት አልቻለም፤ ስምን ወደ ቁጥራዊ አድራሻ የሚፈታው ዲኤንኤስ ይታይ። 7 ከሆነ ስሙ ተፈትቷል፣ የሚገናኙበት በር (ፖርት) ግን ተዘግቷል፤ አብዛኛውን ጊዜ የኔትወርኩ ዘብ የሆነው ፋየርዎል ነው። 28 ከሆነ ጊዜው አልቋል፤ እዚህ ላይ ጥያቄውን አንዴ በአይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) ሥሪት 4፣ አንዴ በሥሪት 6 ለይቶ መሞከር ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ሰርቨሩ የማይሠራ የ6 መንገድ ይዞ እሱን ሲጠብቅ ጊዜው ሊያልቅ ይችላል። 60 ከሆነ የሌላኛውን ወገን ማንነት የሚያረጋግጠው ሰርተፊኬት ተቀባይነት አላገኘም። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን ዳሽቦርዱ ውስጥ ያለው ሳይት ሄልዝ የሚለው ገጽ ይከፈት፤ ከዎርድፕረስ ነጥብ ኦርግ ጋር መገናኘት ካልተቻለ በግልጽ ይናገራል። ኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ ወደ ውጭ የሚወጣ ጥሪን ሁሉ የሚከለክል መስመር ተጽፎ የተረሳ እንደሆነም ይታይ፤ እኛ ጋ አንድ ጊዜ አግኝተነዋል።

መስመሩ ጤነኛ ሆኖም ቀይ ቁጥር የማይመጣባቸው አሉ። በክፍያ የተገዛ ፕለጊን የሚጠይቀው የሻጩን ሰርቨር ስለሆነ ፈቃዱ ሲያልቅ አፕዴቱ ይቆማል። ከማውጫው የተዘጋ ፕለጊንም አፕዴት አይመጣለትም፣ ዳሽቦርዱም መዘጋቱን አይናገርም። በዚህ ምክንያት በየሳምንቱ ሦስት ፕለጊኖች በዕጣ እየወጡ የሥሪት ቁጥራቸው በእጅ ከማውጫው ጋር እንዲነጻጸር ደንብ አወጣን። አንዳንድ አባላት ደንቡ አሰልቺ ነው ብለው ነበር፤ የዓመቱን ትልቁን ችግር ያወጣው ግን እሱ ነው።

በሁለተኛው ሴሚስተር መጀመሪያ የምዝገባ ቅጹ ፕለጊን ዕጣ ወጣለት። ማውጫው ላይ ካለው ሥሪት በሁለት ደረጃ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ዳሽቦርዱ ግን ንጹሕ ነው። ልጆቹ «እንደገና ፈትሽ» የሚለውን ተጫኑ፣ ለውጥ የለም። የስህተት መዝገቡ ባዶ ነው። ያስጨነቃቸው ይህ ባዶነት ነበር፤ የከሸፈ ጥያቄ ዱካ ይተዋል፣ እዚህ ግን ከነጭራሹ ጥያቄ የተላከ አይመስልም። ዎርድፕረስን በጽሑፍ ትእዛዝ በሚያዝዘው መሣሪያ፣ በደብሊውፒ ሲኤልአይ፣ ዳታቤዝ ውስጥ የተቀመጠውን መልስ ለመሰረዝ ሲሞክሩም «የለም» አላቸው። መልሱ የተቀመጠው በሳይት ደረጃ ስለሆነ ትእዛዙ ላይ ኔትወርክ የሚለው አማራጭ ካልተጨመረ ሌላ ቦታ ይፈልጋል፤ ይህን ለማግኘት አንድ ሙሉ ረቡዕ ሄደ። ሲሰረዝ ጥያቄው ተላከ፣ ወዲያውም ከሸፈ። ከርል 60።

አንዱ አባል ነጭ ሰሌዳው ላይ «60፣ ሰርተፊኬት» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰሌዳውን እንጂ መዝገቡን አላየም። እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2021 አንድ በስፋት ይሠራበት የነበረ ሥር ሰርተፊኬት (የሌሎች ሰርተፊኬቶች መሠረት የሆነ) ዘመኑ አልፎ ብዙ አሮጌ ሰርቨሮች መገናኘት እንዳቃታቸው ተምረው ስለነበር የእኛም ያው መሰላቸው። ከዎርድፕረስ ጋር የሚመጣውን የሰርተፊኬት ፋይል ቀየሩ፣ ሶፍትዌሩን እንደገና ጫኑ። ሁለት ረቡዕ አለፈ።

በሦስተኛው ረቡዕ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ገባች። እሷ የምትሠራው በዜና ቡድኑ ነው፤ ኮድ አትጽፍም፣ ሰርቨሩንም ነክታ አታውቅም። በሩ ላይ ቆማ «ቲቸር፣ ይቅርታ፣ የጥያቄና መልስ ውድድሩን ዜና ለጥፌው ነበር፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ ወደቀ። ከሁሉም ጽሑፍ በታች ነው ያለው» አለች። ልጆቹ ሥራ ላይ ስለነበሩ «ቆይ፣ በኋላ እናየዋለን» አሏት። እሷ ግን አልሄደችም። ቀስ ብላ «ቀኑ 2012 ነው የሚለው» ብላ ጨመረች።

ላብራቶሪው ጸጥ አለ። ከፊት የተቀመጠው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሰርቨሩ ላይ ቀኑን የሚያሳየውን ትእዛዝ ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. 2012 ወጣ። መዝገቡን ከፍቶ የስህተቱን መስመር እስከ መጨረሻው አነበበው። «ሰርተፊኬቱ ገና የሚጸናበት ጊዜ አልደረሰም» ይል ኖሯል። ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚያው ተጽፎ ነበር። ልጁ ተነሥቶ ወንበሩን ለልጅቷ ሰጣትና ቀሪውን ፍለጋ አብራቸው እንድትጨርስ ጠየቃት። በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ለቆየ መምህር እንዲህ ያለው ቅጽበት ከየትኛውም ዋንጫ ይበልጣል።

ምክንያቱ ተፈልጎ ተገኘ። በሴሚስተሩ እረፍት ላብራቶሪው ሲጸዳ ኮምፒውተሯ ከሶኬት ተነቅላ ነበር። ማዘርቦርዷ ላይ ያለው የሳንቲም ቅርጽ ባለ 3 ቮልት ባትሪ፣ ሲአር 2032 የሚባለው፣ ሞቷል፤ ኃይል ሲቋረጥ ሰዓቱ ወደ ፋብሪካው ቀን ተመለሰ። ሰዓትን ከኔትወርክ የሚያስተካክለው አገልግሎት የሚጠቀምበት 123 ቁጥር በር በፋየርዎሉ ስለተዘጋ «አይሠራም» ተብሎ ቀደም ሲል እንዲጠፋ ተደርጎ ነበር። ሰዓቱ ወደ ኋላ ሲሄድ ደግሞ ዳታቤዙ ውስጥ የተመዘገበው «የጠየቅኩት በዚህ ሰዓት ነው» የሚለው ጊዜ ወደፊት ያለ ቀን ሆነ። ዎርድፕረስ ሲያሰላው ገና አሁን የጠየቀ ስለመሰለው ዝም አለ፤ የመዝገቡ ባዶነት ከዚህ የመጣ ነው። መልሱ ተሰርዞ ጥያቄው ሲላክ ደግሞ በ2012 ዓይን የዛሬው ሰርተፊኬት ገና አልተወለደም። ዎርድፕረስ የተመሰጠረው መንገድ ሲከሽፍበት በ80 ቁጥር በር ሳይመሰጠር ይሞክራል፤ የእኛ ፋየርዎል ወደ ውጭ የሚፈቅደው የተመሰጠረውን መንገድ በር፣ 443ን፣ ብቻ ስለነበረ እሱም አልሆነም።

ባትሪው ተቀየረ፣ 123 እንዲከፈት ተጠየቀ፣ ተከፈተም። ቀኑ በተስተካከለ በደቂቃዎች ውስጥ ቀይዋ ቁጥር 9 ብላ መጣች። የልጅቷም ዜና ቀኑ ታርሞ ወደ ፊተኛው ገጽ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የክበቡ ደንብ ሁለት ነገር ተጨምሮበታል፦ ማንኛውም ፍለጋ ቀንና ሰዓትን በማየት ይጀመራል፣ የስህተት መልእክትም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቆረጥ ይገለበጣል።

ያልተሳካልንም አለ። ከዘጠኙ አፕዴቶች አንዱ ሲጫን ዲስኩ ሞልቶ መሐል ላይ ቆመ፤ መጠባበቂያ ብለን ያስቀመጥነው ቅጂም እዚያው ዲስክ ላይ ስለነበር ግማሹ ብቻ ተጽፎ ተገኘ። ድረ ገጹ ሁለት ቀን ጠፋ። በዚያ ሳምንት የምዝገባ ቅጽ መሙላት ያልቻላችሁ ወላጆችን ይቅርታ እንጠይቃለን። ጥፋቱ የክበቡ ነው፤ ነገር ግን መጠባበቂያውን የምናስቀምጥበት ሌላ ዲስክ እንዲገዛልን በሁለት ተከታታይ ዓመታት መጠየቃችንም መታወቅ አለበት። ፕለጊኖቹን ከ34 ወደ 15 አውርደናል፤ የማንጠቀምበትን ማጥፋት ገንዘብ አይፈልግም።

ለሚቀጥለው ዓመት የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ 1 ቴራባይት የሚይዝ የውጭ ዲስክ፤ መጠባበቂያው ከሰርቨሩ ተለይቶ እንዲቀመጥ። ሁለተኛ አፕዴቶች ዋናው ድረ ገጽ ላይ ከመጫናቸው በፊት የሚሞከሩባት ሁለተኛ ኮምፒውተር፤ አዲስ መሆን የለባትም፣ 4 ጊጋባይት ራም ካላት ትበቃለች፣ ቤቱ ያስቀመጣት ወላጅ ካለ በደስታ እንቀበላለን። ሦስተኛ ላብራቶሪው በሚጸዳበት ጊዜ ሰርቨሯ ከመነቀሏ በፊት ለክበቡ እንዲነገር። ዜና ቡድኗን ሳትለቅ ክበባችንን የተቀላቀለችው ያቺ ተማሪ ከመስከረም ጀምሮ የሳምንቱን ዕጣ የምታወጣው እሷ ናት። ዲስክ ወይም ኮምፒውተር የምትሰጡ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ላብራቶሪው ብትመጡ ታገኙናላችሁ።