ጣራችን ወርዷል፣ ሰኔ 30 ደግሞ ደርሷል፦ ለሰፈራችን ማንበቢያ ቤት የድጋፍ ጥሪ

ሰላም የሰፈራችን ሰዎች፣ ድሬዳዋም ያላችሁ ውጪም ያላችሁ። ባለፈው ከጻፍንላችሁ በኋላ የገባው ብር ትንሽ ስለሆነ እንደገና ልናስቸግራችሁ ነው። ይቅርታ አድርጉልን፣ እኛም መለመኑ ደክሞናል፣ ግን አሁን ዝም ብንል ኋላ ይቆጨናል።

እንደምታውቁት ሚያዝያ ላይ ያ ነፋስና ዝናብ የመጣ ሌሊት የማንበቢያ ቤታችን ጣራ ወረደ። አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ሌሊት ሆነ እንጂ ማታ 2 ሰዓት ላይ ቢሆን ኖሮ የ12ኛ ክፍል ልጆች እዛው ቁጭ ብለው ነበር። ጠዋት አናጢው መጥቶ ከወደቁት እንጨቶች አንዱን በአውራ ጣቱ ጫን ሲያደርገው ጣቱ ጥልቅ አለ። ምስጥ ውስጡን በልቶ ጨርሶት ከላይ ቀለሙ ብቻ ነበር የቀረው። መጽሐፎቹን እናቶቻችን የእድሩ ወንበሮች ላይ ዘርግተው ሦስት ቀን ፀሐይ አስመቷቸው፣ የድሬ ፀሐይ ለዚህ እንኳን ረዳችን፣ ግን ገጻቸው ተጣብቆ የቀሩ አሉ። የተረፉት አሁን በየሰው ቤት አልጋ ስር ናቸው፣ ልጆቹም ሸራ ስር በዛ ሙቀት ነው የሚያጠኑት፣ ፈተናቸው ደግሞ ደርሷል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። እዚሁ ከተማችን ሱፐርማርኬቶች ያሉት አንድ ድርጅት (እስክንፈራረም ስማቸውን እንዳንጠራ ቃል ስለገባን ነው) ሊያግዘን ተስማምቷል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ እኛ 600,000 ብር አካውንታችን ላይ ካሳየን እነሱ ሌላ 600,000 ይጨምራሉ፣ በዛ ላይ 40 ሠራተኞቻቸው ሁለት ቅዳሜ መጥተው ቀለም ሊቀቡ፣ ፍርስራሽ ሊያነሱ፣ መጽሐፍ ሊለዩ ነው። ግን በጀታቸው ሰኔ 30 ይዘጋል። እስከዛ ካልሞላን ብሩ ለሌላ ሥራ ይሄዳል፣ ለምነናል፣ ቀኑ አይራዘምም ብለውናል። እኛ ያለን 371,500 ብር ነው። የቀረን 228,500 ብር።

ይሄ እንዴት እንደመጣ ማወቅ ያለባችሁ ይመስለናል። ሐሳቡ አሜሪካ ዎልማርት የሚባለው ትልቅ የሱቆች ድርጅት ውስጥ ከምትሰራ የሰፈራችን ልጅ ነው የተነሳው። ዎልማርት ሱቆቹ ባሉበት አካባቢ ለሚንቀሳቀሱ የበጎ አድራጎት ማህበራት ከ250 እስከ 5,000 ዶላር የሚሰጥበት ፕሮግራም አለው፣ ሠራተኞቹ በነፃ ላገለገሉበት ሰዓትም ለዛው ማህበር ብር ይሰጣል፣ በፊት በነበረው ደንብ አንድ ሠራተኛ 25 ሰዓት ካገለገለ 250 ዶላር ነበር። ለኛ ግን በቀጥታ አይሆንም፣ ማመልከት የሚችለው እዛው የተመዘገበ ማህበር ነው። ስለዚህ "ከአሜሪካ ትልቅ ብር እየመጣላቸው ነው" የሚለውን ወሬ ሰምታችሁ እጃችሁን የሰበሰባችሁ ካላችሁ፣ እንደዛ የሚባል ብር የለም። እኛ የወሰድነው ሐሳቡን ነው፣ የሰው ሰዓትም እንደ መዋጮ ይቆጠራል የሚለውን።

እና እዚህ ድርጅቱ ጋ ስንሄድ ከደብዳቤው ጋር ደብተሩን ይዘን ገባን። ያንን ከ2013 ጀምሮ በነፃ የሚያስጠኑት ልጆች የሚፈርሙበትን፣ ስም፣ ቀን፣ የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት፣ ፊርማ። ዝናቡ አርሶት ቀለሙ የፈሰሰ ገጽ አለበት። ሥራ አስኪያጇ ገጽ በገጽ እያገላበጠች ብዙ ቆየች፣ ከዛ "ይሄ ሁሉ ሰዓት ያለ ክፍያ ነው?" ብላ ጠየቀች። አዎ አልናት። ከዛ በኋላ ነው ወሬው ሁሉ የተቀየረው፣ ስለዚህ ማታ ማታ ስታስጠኑ የነበራችሁ ልጆች ይሄን በር የከፈታችሁት እናንተ ናችሁ።

አሁን ደግሞ ስለ ድሮው ብር፣ እየተጠየቅን ስለሆነ። ከዚህ በፊት ያዋጣችሁት 214,000 ብር ነው። 96,000 ለሁለቱ ሽንት ቤቶች፣ 61,000 ለመጽሐፍ መደርደሪያና ለ12 ጠረጴዛ፣ 38,000 ለቆጣሪና ለመብራት ዝርጋታ፣ 19,000 ለሮቶው ወጥቷል። ደረሰኙ ሁሉ በሂሳብ ያዣችን እጅ ነው፣ የፈለገ መጥቶ ይይ። "ለምን መጀመሪያ ጣራውን አልሰራችሁም" ላላችሁን፣ ልክ ናችሁ፣ ግን ከላይ ቆርቆሮው ደህና ነበር፣ ሴት ልጆቹ ደግሞ ሽንት ቤት ስለሌለ መምጣት አቁመው ነበር። ያን ጊዜ ለነሱ ቅድሚያ መስጠታችን ዛሬም አይጸጽተንም። የአሁኑ ጣራ በብረት ነው የሚሰራው፣ ለዛ ነው የተወደደው፣ ምስጥ ዳግመኛ አያገኘውም።

ይሄ ቤት ለማን እንደሆነ ለናንተ አንነግራችሁም። ሐምሌ 1998 የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደ ጊዜ ከጎርፍ የተረፈው ቤተሰብ እዚሁ የማንበቢያ ቤቱ አዳራሽ ነበር ያደረው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ጎን ለጎን። ዛሬ ክረምቱ እየመጣ ነው፣ አዳራሹ ደግሞ ሰማይ ይታይበታል። ወንድሞቻችን እህቶቻችን፣ ሰው የሚማርበት ቤት ሰደቃ ጃሪያ ነው፣ ከሞትን በኋላም ይጻፍልናል። ስለት ያለባችሁም አስቡን። ለሐምሌ 19 ቁልቢ ስንመጣ እንሰጣለን ያላችሁን ግን በጣም እናመሰግናለን፣ ያኔ ሰኔ 30 አልፏል፣ እባካችሁ አሁን ላኩልን። ቃል ተገብቶ ያልገባ ወደ 140,000 ብር አለ፣ እሱ ብቻ ቢገባ ከግማሽ በላዩ ተሸፈነ ማለት ነው። ቀፊራ ገበያ ጉሊት የሚሸጡ እናቶች በሳምንት 50 50 ብር እየሰበሰቡ ሁለት ጊዜ አምጥተውልናል፣ ስለዚህ ትንሽ ነው ብሎ የሚያፍር አይኑር።

አከፋፈሉ፦ ንግድ ባንክ፣ በማንበቢያ ቤቱ ኮሚቴ ስም የተከፈተው አካውንት፣ ቁጥሩ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ፒን ተደርጓል። በቴሌብርም ወደዛው አካውንት መላክ ይቻላል። የሚወጣው በሦስት ሰው ፊርማ ነው። ስትልኩ የሚመጣላችሁ ስም የኮሚቴው ካልሆነና የግለሰብ ከሆነ በፍጹም እንዳትልኩ፣ የኛ አይደለም። ከላካችሁ በኋላ ስክሪንሹቱን ግሩፑ ላይ ጣሉልን፣ በየማታው የገባውን እንለጥፋለን። ደግመን እንላለን፣ በኮሚቴው ስም ያለው የንግድ ባንክ አካውንት ብቻ፣ እስከ ሰኔ 30።

ብር የሌለው ጉልበቱን ያምጣ። የድርጅቱ ሠራተኞች ሲመጡ እኛ ቆመን እንዳናያቸው ፍርስራሹን ከአሁኑ ማንሳት እንጀምራለን፣ በዚህ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ሳይሞቅ፣ አካፋና ጋሪ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ደብተሩም በሩ ላይ ይኖራል፣ ፈርማችሁ ግቡ።