የፈቃዱን ቀን የማያውቅ ወታደር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍላችሁ፤

የወታደር ድባቴ በተነሣ ቁጥር ወሬው ከተኩስ ተነሥቶ እዚያው ተኩስ ላይ ያልቃል። ውጊያ ሰውን እንደሚጎዳ የሚክድ የለም። በሥራ ላይ ያለውን ወታደር ቀስ በቀስ የሚጥለው ግን በአመዛኙ በሁለት ውጊያዎች መካከል ባለው ረጅም ጊዜ የሚጠራቀመው ነገር ነው። በብሪታኒያ ወደ 10 ሺህ በሚጠጉ የሠራዊት አባላት ላይ ተሠርቶ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣውን የጭንቀት ሕመም ያገኘው በ4 በመቶዎቹ ላይ ነው፤ ድባቴንና ጭንቀትን የመሳሰሉ የተለመዱ ሕመሞች ግን ወደ 20 በመቶ በሚሆኑት ላይ ታይተዋል። የእኛ ሠራዊት ኑሮ ሌላ ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ መገልበጥ አይቻልም፤ አቅጣጫው ግን ልብ ሊባል ይገባል።

በእንቅልፍ እንጀምር፤ ቀላል መስሎ የሚታለፈው እሱ ነውና። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኝቶ ከንጋቱ 11 ሰዓት የሚነሣ ወታደር ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ዘብ ከወጣ፣ ወረቀት ላይ 5 ሰዓት ተኝቷል። በተግባር ግን 4 ሰዓት እንደተኛ ይቀሰቀሳል፣ በብርድ ተቆራምዶ ይመለሳል፣ ሰውነቱ ሳይሞቅ ፊሽካ ይነፋል። የመጀመሪያውን ፈረቃ የወሰደው ጓዱም የሚተኛው ያንኑ 5 ሰዓት ነው፤ ቢያንስ ግን አይቆራረጥበትም። ጥፋቱ የሚመጣው የመሐሉ ፈረቃ ለሳምንታት በአዲስ ገቦች ላይ ሲጣል ነው። ንዴት፣ መርሳት፣ ምግብ መጥላት ይከተላል። ፈረቃውን በየ3 ወይም በየ4 ቀኑ ማዘዋወር፣ መሐሉን የወጣውን ሰው ከምሳ በኋላ 1 ሰዓት ተኩል ማስተኛት ይቻላል፤ ይህ በጀት አይጠይቅም።

ጫት ባለበት አካባቢ ነገሩ ይከፋል። ነቅቶ ለማደር ይቃማል፣ ምርቃናውን ለመስበር በጨብሲ ይጠጣል፤ አልኮል ያመጣው እንቅልፍ አያሳርፍምና ሲነጋ ድብርቱ ይጸናል፤ እሱን ለማባረር እንደገና ይቃማል። ይህን በቅጣት ብቻ ሊያስቆም የሚነሣ አዛዥ የሚያተርፈው ተደብቆ የሚቅም ወታደር ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሰውን የሚበላው የማይታወቅ የፈቃድ ቀን ነው። 8 ወር ከባድ ቢሆንም ይቆጠራል፤ «በቅርቡ ትወጣላችሁ» የሚባለው ግን አይቆጠርም። ለእናቱ ለፋሲካ እመጣለሁ ብሎ ሁለት ጊዜ የቀረ ልጅ በሦስተኛው መደወሉን ይተዋል። ቤተሰቡ ጨከነብን ይላል፤ እሱ ግን አፍሮ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ የብሪታኒያ ጥናትም ከተነገራቸው ጊዜ በላይ ግዳጅ ላይ በቆዩት ወታደሮች ዘንድ የአሰቃቂ ክስተት ሕመም ምልክቶች ይበልጥ እንደሚታዩ አሳይቷል። ስለዚህ ፈቃድ መሰረዝ ግድ ሲሆን በዚያው ቀን፣ ከነምክንያቱ፣ አዲስ ቀን ቆርጦ መንገር ያስፈልጋል። ቀኑ ሩቅ ቢሆንም ይሻላል።

ሌላው ለቅሶ ነው። በእኛ አገር መርዶ ሥርዓት አለው፤ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ ይነግራል፣ አብሮ ያለቅሳል፣ ሐዘንተኛው ብቻውን አይተውም። ምሽግ ያለ ወታደር የአባቱን ሞት ወይ በስልክ ድንገት ይሰማዋል፣ ወይ «ይደነግጣል» ተብሎ ይደበቅበትና ለፈቃድ ሲመጣ እናቱን ጥቁር ለብሳ ደጅ ላይ ያገኛታል። ጎኑ የወደቀውንም ጓዱን ሳያለቅስለት ወደሚቀጥለው ግዳጅ ይሄዳል። እንዲህ የታፈነ ሐዘን ብዙ ጊዜ «እኔ ለምን ቀረሁ» ወደሚል ራስን መውቀስ ይለወጣል። ቤተሰብ መርዶውን በቅድሚያ ለሻምበል አዛዡ ቢያደርስ፣ አዛዡም ከልጁ ጋር የሚግባቡ ሁለት ሰዎች መርጦ ቢያስነግር፣ ቢያንስ 3 ቀን ከዘብ ነጻ ቢያደርገውና ብቻውን እንዳያድር ቢያደርግ፣ ከመድኃኒት የማይተናነስ ሥራ ሠራ ማለት ነው።

በፍንዳታ አጠገብ የነበረና ደም ያልፈሰሰው ሰውም አለ። ራስ ምታቱ፣ ብርሃን መጥላቱና መርሳቱ ለሳምንታት ከቀጠለ ስንፍና ተብሎ ሊታለፍ አይገባም፤ ሐኪም ይየው።

ሕመሙ የሚታለፈው ስሙን ለውጦ ስለሚመጣ ነው። ወታደሩ «ከፍቶኛል» አይልም። ጨጓራዬን ያቃጥለኛል፣ ወገቤን ይቆረጥመኛል፣ ልቤን ያዘኝ ይላል፤ ኦሜፕራዞልና ማስታገሻ ተሰጥቶት ይመለሳል። በወር ሦስቴ ለዚያው ሕመም የመጣን ሰው ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ምግብ ፍላጎቱና ስለ ተስፋው መጠየቅ ያሻል። በአገራችንም የተፈተሸ ባለ 9 ጥያቄ የድባቴ መለኪያ አለ፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይያዝለታል፤ ድምሩ 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ ጠለቅ ያለ ምርመራ ይደረጋል። ቅጹን ሰልፍ ላይ አድሎ በመቶ መሪ ማሰብሰብ ግን ከንቱ ልፋት ነው፤ ሁሉም ዜሮ ይሞላል። ጤና መኮንኑ ለብቻው፣ ድምፅ በማይሰማበት ቦታ ይጠይቅ።

ለድባቴ የሚሰጠው ፍሉኦክሰቲን ከታዘዘ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በ20 ሚሊ ግራም ጠዋት ጠዋት ሲሆን፣ ለውጡ የሚታየው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ነው። ብዙዎች በሁለተኛው ሳምንት አልሠራልኝም ብለው ይተዉታል፤ ወይም ምድባቸው ሲለወጥ መድኃኒቱ ይቋረጣል። ተዛዋሪው የሕክምና ማስረጃውንና የሚበቃውን መድኃኒት ይዞ ይሂድ።

ስለ መሞት ማውራት የጀመረ ወታደር መሣሪያው ለጊዜው ግምጃ ቤት ይግባ፤ ይህ ግን እንደ ቅጣት በሰው ፊት ትጥቅ በማስፈታት ሳይሆን ወደ ሌላ ሥራ በማዛወር ይደረግ። የእስራኤል ጦር በ2006 እ.ኤ.አ. ወታደሮች ለሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤት ሲሄዱ መሣሪያ እንዳይዙ ካደረገ በኋላ ራስን ማጥፋት በ40 በመቶ ገደማ ቀንሷል፤ የቀነሰውም በዋናነት በእነዚያው የእረፍት ቀናት ይደርስ የነበረው ነው።

ዘጋቢዎቻችሁ ወደ ካምፖች ሲሄዱ ስለ ሞራል ከሚጠይቁ ይልቅ ከአንድ መቶ ውስጥ ስንቱ የሚቀጥለውን የፈቃድ ቀኑን እንደሚያውቅ ቢጠይቁልን እንወዳለን።

የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች፣ ከአዲስ አበባ