የሐሞት ማፍሰሻ ቱቦው ከሲቲ ስካኑ በፊት አይግባ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤ ጅማ

«የሐሞት ከረጢት ካንሰር ዓይንን ቢጫ ካደረገ ቀዶ ሕክምና ዋጋ የለውም» ሲባል ከሕመምተኛ ቤተሰብም ከባለሙያም ይሰማል። አባባሉ ከሜዳ አልመጣም። የኒውዮርኩ የካንሰር ማዕከል ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ከ240 ሕመምተኞች 82ቱ ዓይናቸው ቢጫ ነበር፤ ከእነዚህ ለማዳን ታስቦ ዕጢው የወጣላቸው 6 ብቻ ናቸው። ያም ሆኖ ጥቂት ማለት ማንም ማለት አይደለም።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ቢጫነቱ ከምን መጣ ነው። ዕጢው የሐሞት ቱቦውን ወርሮት ሊሆን ይችላል፤ ጠጠር ቱቦው ውስጥ ተሰንቅሮም ሊሆን ይችላል። በሁለተኛው ዕጢው ገና የሚወጣ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለየው ምስል ነው፤ ስህተቱም በብዛት እዚሁ ላይ ይፈጸማል። ሐሞት ማፍሰሻ ቱቦ አስቀድሞ ይገባና ሲቲ ስካኑ በኋላ ይነሳል። ያኔ ማፍሰሻ ቱቦው ምስሉን ያደበዝዛል፣ ያስከተለው ብግነትም ዕጢ ይመስላል።

ማፍሰስ ደግሞ ለሁሉም አይደለም፤ ራሱ ኢንፌክሽን ያስገባል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ፣ ቢሊሩቢን (ደም ውስጥ ተጠራቅሞ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ንጥረ ነገር) በዴሲሊትር ደም ከ10 ሚሊግራም በላይ ከሆነ ወይም ከዕጢው ጋር ሰፊ የጉበት ክፍል የሚቆረጥ ከሆነ ግን ያስፈልጋል። ሐሞቱ የሚፈስሰውም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከሚቀረው የጉበት ክፍል ነው። ሐሞት የታቆረበት ጉበት 40 በመቶ ያህሉ ካልቀረ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሥራውን ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች ቢሊሩቢኑ ከ3 በታች እስኪወርድ ሳምንታት ይጠብቃሉ።

ርካሹና የሚረሳው ቪታሚን ኬ ነው። ሐሞት አንጀት ካልደረሰ ቪታሚኑ አይመጠጥም፣ ደምም በቀላሉ አይረጋም። 10 ሚሊግራም በቀን አንዴ ለ3 ቀን በመርፌ ተሰጥቶ የደም መርጋት ምርመራው ይደገማል።

ካንሰር ከተጠረጠረ ከረጢቱን እንደ ተራ የጠጠር በሽታ ማውጣት አይገባም፤ ከተቀደደ ሐሞቱ ካንሰሩን ሆድ ዕቃ ውስጥ ይዘራዋል። ዕጢው የማይወጣ ከሆነም ማፍሰሻ ቱቦው ከቢጫነቱ ጋር የሚመጣውን የቆዳ ማሳከክ ያስታግሳል፤ ቢሊሩቢኑ ሲወርድ ለኬሞቴራፒም በር ይከፍታል።

ሰገራው እንደ ኖራ የነጣ፣ ሽንቱ እንደ ኮካ የጠቆረ ሰው «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ በቅጠል ወር ከሚገፋ በዚያው ሳምንት አልትራሳውንድ ይነሳ። ከቦንጋም ሆነ ከሊሙ ወደ ጅማ ሲላክ ወረቀቱ ላይ የቢሊሩቢኑ መጠን ከነቀኑ ይጻፍ፤ ሲቲ ስካን ካለው ንባቡ ብቻ ሳይሆን ሲዲውም አብሮ ይምጣ።