ልጄ፣ ለደሴቱ ሻንጣሽን ስታዘጋጂ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የትኛው እንደሆነ ገና ባትመርጡም፣ ከጓደኞችሽ ጋር ለዕረፍት ወደ ደሴት ልትሄጂ መሆኑን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ዓመቱን ሙሉ ለፍተሻል፣ ይገባሻል። «ምን ምን ልያዝ?» ብለሽኝ ነበር። በስልክ ብነግርሽ ግማሹ ስለሚረሳ ይኸው ጻፍኩልሽ።

የላክሽልኝን የልብሶቹን ፎቶ አየሁት። ቀሚሶቹ ያምራሉ። ግን አልጋው ላይ የደረደርሽው ሁሉ ለማታና ለፎቶ የሚሆን ነው። ደሴት ላይ ከጠዋት እስከ ማታ አብረውሽ የሚውሉት ፀሐይ፣ ጨውና እርጥበት ናቸው። አንድ ዕቃ ባነሳሽ ቁጥር «ይሄ እነዚህን ይችላል ወይ?» በይ። ካልቻለ መልሰሽ ቁም ሳጥን ውስጥ ስቀይው።

ከፀሐይ ልጀምር፣ ብዙ የምለው ያለኝ እሷ ላይ ነው።

«ጥቁር ነኝ፣ ፀሐይ ምን ታደርገኛለች» እንደምትይ አውቃለሁ። ቆዳችን የራሱ መከላከያ አለው፣ እውነት ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። ከምድር ወገብ አካባቢ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች። ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል፣ ይላጣል። ማድያት ያለበት ፊት ደግሞ ይብስበታል። ሰማዩ ደመና ስለሆነ አትዘናጊ፣ ጨረሩ ደመናን አልፎ ይመጣል። ነጭ አሸዋም ከታች መልሶ ያንጸባርቀዋል።

ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) ስትገዢ ኤስፒኤፍ የሚባለው የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ውሃ የሚቋቋም መሆኑንም ጀርባው ላይ አንብቢ። በ30 እና በ50 መካከል ያለው ልዩነት ሰው እንደሚያስበው ሰፊ አይደለም። 30 ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶ ያህሉን ሲያስቀር፣ 50 ደግሞ 98 በመቶ ያህሉን ነው። ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው ምን ያህል ትቀቢያለሽ የሚለው ነው። አንድ ሰው መላ ሰውነቱን በደንብ ለመቀባት 30 ሚሊ ሊትር ያህል ያስፈልገዋል። አስቢው፣ 100 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ትንሽ ጠርሙስ ሦስት ጊዜ ተቀብተሽው አለቀ ማለት ነው። በየሁለት ሰዓቱና ከውሃ በወጣሽ ቁጥር ደግሞ መድገም አለብሽ። ስለዚህ ትልልቁን ጠርሙስ ግዢና ከዋናው ሻንጣ ውስጥ አድርጊው፤ በእጅ ቦርሳ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ፈሳሽ በብዙ ኤርፖርቶች አያሳልፉም። ደሴቱ ላይ እገዛለሁ ብለሽ አትተማመኚ። ሪዞርት ውስጥ ያለች አንዲት ሱቅ የፈለገችውን ዋጋ ነው የምትጠይቅሽ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። አንዳንድ ሰንስክሪን ውስጥ ያሉ ኬሚካሎች ኮራሉን፣ ያንን ድንጋይ የሚመስለውን ሕይወት ያለው የባሕር ፍጥረት፣ ይጎዳሉ ተብለው ተከልክለዋል። ፓላው የምትባለው የፓስፊክ ደሴት አገር እንዲህ ያሉትን እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምራ አግዳለች። ሃዋይ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት ያለባቸው እንዳይሸጡ በሕግ ከልክላለች። አንቺ የትም ብትሄጂ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን ብትመርጪ እኔ ደስ ይለኛል። ልታዪው የምትሄጂው ያንኑ ኮራል አይደል? ችግሩ ዚንኩ ጥቁር ፊት ላይ አመድ የተነፋበት ያስመስላል። ለፊትሽ የቆዳ ቀለም ያለው ዓይነት ስላለ እሱን ፈልጊ።

ከሰንስክሪኑ በላይ የምወደው ግን እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ሸሚዝ ነው። ስስ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ቅባት ይቆጥብልሻል። መነጽር አድርገሽ ፊትሽን ውሃው ላይ ደፍተሽ አሳ ስታዪ ውሃው ቀዝቀዝ ስለሚል ጀርባሽ እየተቃጠለ መሆኑ አይታወቅሽም። አንዲት ባልደረባዬ ጀርባዋን በደንብ ተቀብታ ቋንጃዋን ረሳችው። ማታ እግሯን ማጠፍ አቃታት። ወንበር ላይ ስትቀመጥ እግሯን ቀጥ አድርጋ ዘርግታ ነበር፣ ለቀናት። ስለዚህ ቋንጃሽን፣ የጆሮሽን ጫፍ፣ የእግርሽን ጀርባና ማጅራትሽን እንዳትረሺ። ሹሩባ ተሠርተሽ ከሄድሽ ደግሞ በጉንጉኖቹ መካከል ያለው የራስ ቆዳ ይቃጠላል። ባርኔጣሽ ዙሪያውን ጠርዝ ያለው ይሁን፤ ኬፕ ጆሮና ማጅራት አይሸፍንም። ጀልባ ላይ ንፋስ እንዳይወስደው ከአገጭ ሥር የሚታሰር ገመድ ቢኖረው ጥሩ ነው።

ልብስ ላይ አጭር ልሁን። ጂንስ አትያዢ። ከባድ ነው፣ አንዴ ከረጠበ በዚያ እርጥበታማ አየር ቶሎ አይደርቅም፤ ከዚያ መሽተት ይጀምራል። ቆዳ ጫማና ቆዳ ቦርሳም ይቅሩ፣ ይሻግታሉ። ሰፋ ያለ ሊኖን፣ ስስ ሸሚዝ፣ ቁምጣ ያዢ። የዋና ልብስ ሁለት፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን እንድትለብሺ፤ እርጥብ የዋና ልብስ ለብሶ መዋል ለሴት ልጅ ጥሩ አይደለም። ሽርጥ አንድ ያዢ። ወገብሽ ላይ ታስሪዋለሽ፣ ትከሻሽን ትሸፍኚበታለሽ፣ አሸዋ ላይ ታነጥፊዋለሽ። ለአውሮፕላኑና ለማታ ጀልባ አንድ ቀጭን ሹራብ ይበቃል። ከቀሚሶቹ ሁለት ምረጪና ቀሪውን መልሺ። ፒያስትራውንም ተይው፣ በዚያ እርጥበት የተተኮሰ ፀጉር ብዙ አይቆይም።

ጫማ ላይ ግን አደራ። ነጠላ ጫማ ለአሸዋ ነው። ውሃ ውስጥ ስትገቢ የሚታሰር፣ ሶሉ ወፍራም የሆነ የውሃ ጫማ ያስፈልግሻል። ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ እሾህ የለበሱ ትንንሽ የባሕር እንስሳት ድንጋይ ሥር ይደበቃሉ፤ ብትረግጫቸው እሾሁ ተሰብሮ እግርሽ ውስጥ ይቀራል። ድንጋይ መስሎ የሚተኛ መርዘኛ አሳም አለ፣ የሱ ሕመም ከባድ ነው። እግዚአብሔር አያድርገውና እንዲህ ዓይነት ነገር ከወጋሽ፣ የማያቃጥልሽ ግን በደንብ የሞቀ ውሃ ውስጥ እግርሽን ንከሪ፤ ሕመሙን ያስታግሳል። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐኪም። ኮራል ከቧጠጠሽ ደግሞ ትንሽ ጭረት ነው ብለሽ አትናቂው፣ ቶሎ ያመረቅዛል። በንጹሕ ውሃና በሳሙና ወዲያው እጠቢው።

ትንኝ። ሰው አጎበር ካለ አበቃ ይላል። ወባ የምታስተላልፈዋ ትንኝ የምትናከሰው ማታ ነው፣ ለሷ አጎበሩ ልክ ነው። ዴንጊ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ የምታመጣው ግን በቀን ነው የምትናከሰው፣ በተለይ ጠዋት ማለዳና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል። ማልዲቭስን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ከወባ ነፃ ብሏታል፤ ዴንጊ ግን አለ። ስለዚህ ዲት (DEET) የሚባለው ኬሚካል ያለበት የትንኝ መከላከያ ያዢ። መጀመሪያ ሰንስክሪኑን፣ ሲደርቅ ደግሞ ከላይ የትንኙን ትቀቢያለሽ። ዲት ፕላስቲክ ስለሚያበላሽ መነጽርሽን በተቀባ እጅ አትንኪ።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር እባክሽ ያዢልኝ። እዚያ እያለሽም ሆነ ከተመለስሽ በኋላ ድንገት ትኩሳት ቢይዝሽ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን እንዳትውጪ። ዴንጊ ከሆነ የመድማት አደጋን ይጨምራሉ። ፓራሲታሞል ብቻ ውሰጂ፣ ቶሎም ተመርመሪ። የመድኃኒት ቦርሳሽ ውስጥ ያለው ማስታገሻ ፓራሲታሞል እንዲሆን የምፈልገው ለዚህ ነው። ኦአርኤስ ጥቂት ፓኬት ጨምሪበት፤ ሙቀትም ተቅማጥም ውሃሽን ይጨርሰዋል። ወረንጦ፣ ፕላስተር፣ የቁስል ማጽጃ። ጀልባ የሚያጥወለውልሽ ከሆነ ክኒኑን ከመሳፈርሽ በፊት ነው የምትውጪው፤ ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም። ሞዴስም ከበቂ በላይ ያዢ። ጉዞና የአየር ለውጥ ወር አበባን ከቀኑ ሊያዛባው ይችላል፣ እዚያ ደግሞ የለመድሽውን ዓይነት ላታገኚ ትችያለሽ። በሐኪም የታዘዘልሽ መድኃኒት ካለ ከነፋብሪካ ማሸጊያውና ከነማዘዣው ያዢው። ላስቲክ ውስጥ የተበተነ ክኒን ጉምሩክ ላይ ጥያቄ ያመጣል።

ስልክሽን አስቢለት። ውሃ የማያስገባ የስልክ መያዣ ግዢና ስልኩን ከመክተትሽ በፊት ሞክሪው። ሶፍት አጣጥፈሽ ውስጡ አድርጊ፣ ዝጊው፣ ባሊ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አስምጠሽ ተይው። ሶፍቱ ደረቅ ሆኖ ከወጣ እመኚው። ጠርዙ ላይ ትንሽ እንኳ ከረጠበ መልሺላቸው። ፓወር ባንክ በእጅ ቦርሳ እንጂ በዋናው ሻንጣ አይፈቀድም። አብዛኞቹ አየር መንገዶች እስከ 100 ዋት ሰዓት ይፈቅዳሉ፤ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚለው 74 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ያልፋል። ማልዲቭስና ሲሸልስ የሚሠሩበት ሶኬት እግሮቹ ሦስት፣ ቅርጻቸውም አራት ማዕዘን የሆነውን ነው፣ አዳፕተር ያስፈልግሻል።

ወደ ትንንሽ ደሴቶች የሚወስዱ አውሮፕላኖች ክብደት ላይ ጥብቅ ናቸው። የማልዲቭስ የውሃ ላይ አውሮፕላኖች ብዙውን ጊዜ 20 ኪሎ ሻንጣና 5 ኪሎ የእጅ ቦርሳ ነው የሚፈቅዱት፤ የሚበሩትም በቀን ብርሃን ብቻ ነው። ማታ ከደረስሽ እስኪነጋ ትጠብቂያለሽ። ስለዚህ የእጅ ቦርሳሽ ውስጥ የዋና ልብስ፣ አንድ ቅያሪ፣ መድኃኒትሽና የጥርስ ቡሩሽሽ ይኑር። ሻንጣሽ ቢዘገይ እንኳ የመጀመሪያው ቀን አይበላሽብሽም።

አገሩ የሚከለክለውን ነገር ሳትጠይቂ ሻንጣ አትዝጊ። ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ፌስታል ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ዛንዚባር ደግሞ ከዚያም በፊት ፌስታልን ከልክላለች፤ ለእርጥብ ልብስሽ የሚታጠብ ውሃ የማያስገባ ቦርሳ ያዢ። ማልዲቭስ አልኮልና የአሳማ ሥጋ አይገባም። ነዋሪው በሚኖርባቸው ደሴቶች ላይ ደግሞ የዋና ልብስ የሚፈቀደው ለእንግዶች በተለየ የባሕር ዳርቻ ብቻ ነው፤ ከዚያ ስትወጪ ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል። ካሪቢያን ከሆነ የምትሄዱት ያቺን ወታደራዊ ሱሪሽን ተያት። ባርቤዶስና ጃማይካን የመሳሰሉ አገሮች ወታደራዊ መልክ ያለው ልብስ ለሲቪል ይከለክላሉ፣ ለልጅም ቢሆን። ስትመለሺም ኮራልና የኤሊ ቅርፊት ሻንጣሽ ውስጥ እንዳይገባ፣ ሻጩ ምንም ቢልሽ።

አሁን የሚያስቸኩለው ወረቀቱ ነው። ፓስፖርትሽን ዛሬ ማታ አውጪና ቀኑን እዪው። ብዙ አገሮች ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው ፓስፖርት ይፈልጋሉ። ቢጫ ወባ ካለበት አገር የሚመጣ መንገደኛን የክትባት ካርድ የሚጠይቁ ደሴቶች ብዙ ናቸው፣ ማልዲቭስ፣ ሲሸልስና ሞሪሸስ ከነሱ ውስጥ ናቸው። ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከተከተብሽ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ግን አንዴ ከተከተብሽ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። የቀድሞ ካርድሽ ካለ ፈልጊው። የወባ መከላከያ ክኒንም ካስፈለገ አንዳንዱ ከጉዞው ሳምንታት በፊት ስለሚጀመር ሐኪሙ ጋ ቀደም ብለሽ ሂጂ። የሁሉንም ፎቶ ኮፒ በሌላ ቦርሳ ያዢ፣ አንዱን ለኔ ላኪልኝ።

ደሴቱን ገና አልመረጥንም ብለሻል። ወቅቱንም አስቡበት። ሞሪሸስ አካባቢ አውሎ ነፋስ የሚበዛው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው፣ ካሪቢያን ደግሞ ከሰኔ እስከ ኅዳር። ከጓደኞችሽ ጋር ስትስማሙ ስሙንና ቀኑን ጻፊልኝ፣ የክትባቱንና የዝናቡን ነገር አብረን እናየዋለን። ሻንጣሽን ስትጨርሺ ሚዛን ላይ አውጥተሽ ኪሎውን ንገሪኝ።

በሰላም ደርሰሽ በሰላም ተመለሺልኝ።

የምትወድሽ እናትሽ